የጃንጂራ ነዋቦች

ከሙምባይ በስተደቡብ፣ ከሙሩድ ከተማ አጠገብ፣ ባሕር ውስጥ በበቀለ ዐለት ላይ የቆመ ምሽግ አለ፤ ጃንጂራ ይባላል። ከራጃፑሪ መንደር በሸራ ጀልባ ይኬዳል። በሩ በጣም ካልቀረቡት አይታይም፤ ከሩቅ ሲያዩት ግንቡ ዙሪያውን የተደፈነ ይመስላል። መግቢያው ላይ ዝሆኖችን በመዳፉ የጨበጠ አንበሳ መሰል አውሬ ተቀርጿል፤ የባለቤቶቹን ኩራት ለመረዳት እርሱን ማየት ይበቃል። ውስጡ ደግሞ፣ በጨው ውሃ በተከበበ ዐለት ላይ፣ ሁለት የሚጠጣ ውሃ ኩሬዎች አሉ። ይህ ባይኖር ምሽጉ ከበባን ባልቻለ።

ባለቤቶቹ ሲዲዎች ነበሩ፤ «ሐብሺ»ም ይባላሉ። አያቶቻቸው ከኢትዮጵያና ከሌላው የአፍሪካ ምሥራቅ፣ ብዙዎቹ በባርነት ተሽጠው፣ ወደ ሕንድ የተሻገሩ ናቸው። በደቡብ ሕንድ፣ በዴካን፣ ገንኖ እ.ኤ.አ. በ1626 የሞተው ማሊክ አምባርም እንዲሁ ከኢትዮጵያ ተሽጦ የሄደ ሰው ነበር። በጃንጂራ ቀደም ባለው ዘመን አለቃ ሲሞት ልጁ የግድ አይተካም፤ ከመርከብ አዛዦቹ መካከል የበላይ የሆነው ይሾም ነበር።

የማራታ ንጉሥ ሺቫጂ ጃንጂራን ለመያዝ ደጋግሞ ሞክሮ አልሆነለትም። ልጁ ሳምባጂ ባሕሩን በድንጋይ ደፍኖ በእግር ሊገባ ተነሣ፤ እርሱም ሳይሳካለት ቀረ። እንግሊዞችም ቢሆኑ ቀምሰውታል፦ በ1689 ሕንድን ይገዙ ለነበሩት ሙጋሎች ያደረው ሲዲ ያቁት ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ላይ ወርዶ በምሽጋቸው ከበባቸው። እንግሊዞቹ ከከበባው የወጡት ለሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ለአውራንግዜብ ካሣ ከፍለው፣ ይቅርታ ለምነው ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ምሽግ እንዴት በእንግሊዝ እጅ ገባ? በመድፍ አይደለም። የጃንጂራ ጉልበት መርከቧ ነበር፤ ባሕሩን እንግሊዞች ሲይዙት ዐለቱ ብቻውን ምን ያደርጋል? በ1834 ግዛቲቱ የእንግሊዝ ተገዢ መሆኗ ታወጀ፤ የራሷን ገንዘብ የምትመታበት ቤትም ተዘጋ። እስከ 1868 ገደማ ግን የውስጥ አስተዳደሯን የነካባት አልነበረም። ከዚያ በኋላ፣ ነዋቡ፣ ማለትም የግዛቲቱ ገዢ፣ ፍርድ አጓደለ ተብሎ፣ የወንጀል ዳኝነቱ ተነጥቆ ለእንግሊዝ ፖለቲካዊ ወኪል ተሰጠ። እንግሊዞች ያስተዳደር ጉድለት የሚታያቸው ብዙ ጊዜ የሚጠቅማቸው ሲሆን ነው፤ ይህ ማለት ግን ክሱ ሐሰት ነበር ማለት አይደለም።

ለነዋቡ የቀረለት ክብር 11 ጊዜ የሚተኮስ የሰላምታ መድፍ፣ ወደ 840 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መሬትና በአብዛኛው ሂንዱ የሆነ ሕዝብ ነበር። በ1922 ሲዲ ሙሐመድ ካን ገና ሕፃን ሳለ ሲነግሥ፣ እናቱ ኩልሱም ቤገም በሞግዚትነት አስተዳደረች። ሕንድ ነፃ በወጣች በዓመቱ፣ በ1948፣ ጃንጂራ ከቦምቤይ ጋር ተቀላቀለች።