የደማችን ዘበኞች ከየት መጡ?

የደም ዓይነት አራት ነው፦ ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ እና ኦ። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙዎች ልብ የማይሉት ቀይ ሕዋሳቱ የሚንሳፈፉበትን ቢጫ ፈሳሽ፣ ፕላዝማውን ነው። ኤ የሆነ ሰው ፕላዝማ ውስጥ ቢን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል አለ፤ ቢ የሆነው ውስጥ ኤን የሚያጠቃ፤ ኦ ውስጥ ሁለቱም፤ ኤቢ ውስጥ አንዱም የለም። ካርል ላንድስታይነር ቪየና ውስጥ የራሱንና የባልደረቦቹን ደም እያቀላቀለ የደረሰበትን እ.ኤ.አ. በ1901 ሲያሳትም፣ ከነዚያ ሰዎች ደም ውስጥ እነዚህ ዘበኞች ቀድመው ነበሩ።

መጻሕፍቱ «ተፈጥሯዊ» ይሏቸዋል። ስሙን አልወደውም፤ አብረውን የተወለዱ ያስመስላቸዋል።

ላቦራቶሪ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ናሙና መጣልኝ። ስላይዱ ላይ ኤን የሚያጠቃውን ሰማያዊ ፈሳሽ፣ አንቲ ኤን፣ ጠብ ሳደርግበት ደሙ ወዲያው እንደ ቀይ አሸዋ ተቋጠረ፤ ከቢጫው አንቲ ቢ ጋር ግን ልስልስ እንዳለ ቀረ። ኤ ነው ማለት ነው። ለማረጋገጥ ፕላዝማውን ከቢ ሕዋሳት ጋር ስቀላቅለው መቋጠር ሲገባው ምንም የለም። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። የቢ ሕዋሳቱ ተበላሽተዋል ብዬ አዲስ ልከፍት ስል አለቃዬ የጥያቄ ወረቀቱን አነሳና «ዕድሜውን አይተሃል?» አለኝ። የአራት ቀን ጨቅላ ነበር።

አራስ ልጅ እነዚህን ዘበኞች ገና አያመርትም። ደሙ ውስጥ ቢገኙ እንኳ በእንግዴ ልጅ በኩል ያለፉ የእናቱ ናቸው። የራሱ የሚታዩት ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ነው። አስተማሪዎቹ አንጀቱ ውስጥ የሚሰፍሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ኤ እና ቢን የሚለየው ሕዋሱ ላይ ባለው ሰንሰለት ጫፍ የተቀመጠ አንድ ስኳር ብቻ ነው፤ ብዙ ባክቴሪያዎችም ተመሳሳይ ስኳር ለብሰዋል። ሰውነት የራሱን የሚመስለውን ያልፋል፣ ባዕዱ ላይ ዘበኛ ያቆማል። እ.ኤ.አ. በ1959 ጆርጅ ስፕሪንገርና ባልደረቦቹ ከጀርም ነፃ በሆነ ቦታ ያሳደጓቸው ጫጩቶች አንቲ ቢ አላወጡም፤ እንደ ማንኛውም ጫጩት ያደጉት ግን አወጡ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያ ጨቅላ ትዝ ይለኛል።

ደምን ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ የሚያሰኘው አርኤች ግን እንዲህ አይደለም። ኔጌቲቭ የሆነ ሰው ፖዘቲቩን የሚያጠቃው በደም መውሰድ ወይም በእርግዝና ከተዋወቀው በኋላ ነው።

«እኔ ኦ ነኝ፣ ደሜ ለሁሉም ይሆናል» የምትሉ ለጋሾች፣ እጃችሁ ይባረክ። የኦ ኔጌቲቭ ቀይ ሕዋስ በአስቸኳይ ጊዜ የማንንም ሕይወት ያተርፋል። ፕላዝማችሁ ግን ሁለቱንም ዘበኞች ተሸክሟል፤ በፕላዝማ በኩል ለሁሉም የሚሆነው ኤቢ ነው።

አብዛኞቹ ዘበኞች አይጂኤም የሚባሉት ናቸው፤ እያንዳንዱ አሥር መያዣ እጅ አለው። ስላይዱ ላይ ሕዋሳቱን በሰከንዶች ውስጥ የሚቋጥሯቸው በዚህ ነው። ኤ ለሆነ ሰው የቢ ደም በስህተት ቢሰጠው የገባውን ሕዋስ ደም ሥሩ ውስጥ ያፈነዱታል፤ ኩላሊቱ ሊቆም፣ ሰውየውም ሊሞት ይችላል።

እንዲህ ያለው ስህተት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአልጋው አጠገብ ነው። ናሙና የምትቀዱ ባልደረቦቼ፣ ስሙን እዚያው ቆማችሁ፣ ሕመምተኛውን ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ቲዩቡን ኪስ ከትቶ ኮሪደር ላይ መጻፍ ይቅር። ስም የሌለው ቲዩብ ሲመጣልኝ፣ ደም ሥሩ ጠፍቶ በስንት መከራ እንደተቀዳ ቢነገረኝም፣ እመልሰዋለሁ።