የፓርኪንሰን ሕመምና ተዛማጅ የእንቅስቃሴ መታወኮች መባባስ እንዴት ይለካል?

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በደሙ ውስጥ ያለውን የስኳር መጠን፣ የደም ግፊት ያለበትም ግፊቱን በቁጥር ያውቃል። የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ግን «ሕመሜ ካምናው ብሶብኛል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሐኪሙ ከደም ምርመራ ወረቀት ላይ አንብቦ የሚነግረው ቁጥር የለም። መልሱ የሚገኘው በማየት፣ በመጠየቅና የዛሬውን ሁኔታ ከቀድሞው ጋር በማነጻጸር ነው። ይህ ቀላል ቢመስልም በትክክል ካልተሠራ ሕመምተኛውን ላልተፈለገ መድኃኒት፣ ቤተሰቡንም ላልተገባ ሥጋት ይዳርጋል። በዚህ ጽሑፍ መለኪያዎቹ ምን እንደሆኑ፣ የሚያሳስቱት መቼ እንደሆነና ሕመምተኛው በቤቱ ሊያደርገው የሚችለውን እናብራራለን።

የሕመሙ ጠባይ

ሕመሙ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1817 ለንደን ውስጥ ስለ ስድስት ሰዎች ከጻፈው ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። ከስድስቱ መካከል ሁለቱን ያገኛቸው መንገድ ላይ ሲሆን አንደኛውን ያየው ከሩቅ ብቻ ነበር። ስለሆነም ሕመሙ ከመነሻው ጀምሮ የታወቀው በዐይን ምልከታ ነው ማለት ይቻላል።

በመካከለኛው የአንጎል ክፍል የሚገኙና ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩ የነርቭ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ጡንቻ ይገተራል፣ በዕረፍት ላይ ያለ እጅም ይንቀጠቀጣል። ምልክቶቹ የሚታዩት ከሕዋሳቱ ብዙዎቹ ከጠፉ በኋላ በመሆኑ ሕመሙ የተጀመረበትን ቀን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ሚዛን የመጠበቅ ችግር አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል።

ደረጃና ነጥብ

በስፋት የሚታወቀው የደረጃ አከፋፈል እ.ኤ.አ. በ1967 በማርጋሬት ሆህንና በሜልቪን ያር የቀረበው ነው። በአንደኛው ደረጃ ምልክቱ በአንድ ወገን ብቻ ይታያል። በሁለተኛው ወደ ሁለቱም ወገን ቢዛመትም ሚዛን አልተናጋም። በሦስተኛው ሚዛን ይጎድላል፤ ሕመምተኛው ግን ራሱን ችሎ ይኖራል። በአራተኛው ከፍተኛ የአካል ጉዳት ቢኖርም ያለ ሰው ድጋፍ መቆም ወይም መራመድ ይቻላል። በአምስተኛው ሕመምተኛው ካልተረዳ በስተቀር ከአልጋ ወይም ከተሽከርካሪ ወንበር አይለይም። ይህ አከፋፈል ለመረዳት ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን ሰፋፊ ደረጃዎች ያሉት በመሆኑ ሕመምተኛው ለዓመታት በአንድ ደረጃ ላይ ሆኖ በመካከል የሚታየውን ለውጥ አይመዘግብም።

ይህንን ክፍተት ለመሙላት እ.ኤ.አ. በ1987 የተዘጋጀውና በ2008 የተሻሻለው የነጥብ መለኪያ አራት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው እንቅልፍን፣ ስሜትንና የሆድ ድርቀትን የመሳሰሉትን፣ ሁለተኛው መልበስን፣ መብላትንና መጻፍን የመሰለውን የዕለት ተዕለት ኑሮ ይጠይቃል። ሦስተኛው የሐኪሙ ምርመራ ሲሆን አራተኛው መድኃኒት የሚያስከትላቸውን ችግሮች ይመለከታል። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥቡ በጨመረ ቁጥር ሕመሙ ብሷል ማለት ነው። የሦስተኛው ክፍል ከፍተኛ ነጥብ 132 ነው።

አሰጣጡን በሁለት ምሳሌዎች እንይ። ሕመምተኛው አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አሥር ጊዜ በተቻለው ፍጥነትና ስፋት እንዲያጋጥም ይጠየቃል። የጣቶቹ ስፋት መጥበብ የጀመረው ወደ መጨረሻው ከሆነ 1፣ በመሐል ከሆነ 2፣ ገና ከመጀመሪያው ቀጥሎ ከሆነ 3 ነጥብ ይሰጣል። ጨርሶ ወይም በጭንቅ ብቻ የሚሠራው ደግሞ 4 ያገኛል። ሚዛንን ለመፈተን ሐኪሙ አስቀድሞ አስረድቶ፣ ከሕመምተኛው ኋላ ቆሞ፣ ትከሻውን በድንገት ወደ ራሱ ይስባል። በአንድ ወይም በሁለት እርምጃ ራሱን ያረጋጋ ሰው ችግር የለበትም። ካልተያዘ የሚወድቀው ግን 3 ነጥብ ይሰጠዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ሕመምተኛውን ለመያዝ ሁልጊዜ ዝግጁ መሆን አለበት።

የመድኃኒት ማለቅ እንደ ሕመም መባባስ ሲታይ

ከሁሉ የበለጠ ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በቀን ሦስት ጊዜ ሌቮዶፓ የሚወስዱ አንድ አባት በመጀመሪያው ቀጠሯቸው ኪኒናቸውን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ወስደው 3 ሰዓት ላይ ይመረመራሉ። እጃቸው ቀለል ብሎ ይንቀሳቀሳል፤ ከወንበርም ያለ ድጋፍ ይነሣሉ። ከስድስት ወር በኋላ ለሁለተኛው ቀጠሮ፣ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ፣ ኪኒናውን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ወስደው ይነሣሉ። ተራ ሲጠብቁ ቆይተው የሚታዩት ቀትር 6 ሰዓት ላይ ሲሆን ቀጣዩ ኪኒና ቤት ቀርቷል። አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ለመነሣትም የልጃቸውን ክንድ ይይዛሉ።

ሐኪሙ የሁለቱን ቀናት ነጥብ ብቻ ቢያስተያይ ሕመሙ በፍጥነት ተባብሷል ብሎ መጠኑን ሊያበዛ ይችላል። ነገር ግን የተለካው የመድኃኒቱ ማለቅ ነው። ሌቮዶፓ ከካርቢዶፓ ጋር ተጣምሮ ሲወሰድ በደም ውስጥ ያለው መጠን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ሕመሙ በቆየ ቁጥርም አንዱ ኪኒና እስከሚቀጥለው ማድረሱን ያቆማል። የዚህ መፍትሔ ብዙ ጊዜ የሰዓቱን ልዩነት ማጥበብ ነው። የአንድ ጊዜው መጠን ያለ አግባብ ከበዛ ከፈቃድ ውጭ የሆነ የሰውነት መወራጨት፣ የሌለ ነገር ማየትና ሲነሡ የደም ግፊት መውረድ ሊከተሉ ይችላሉ። በዚህም ምክንያት ማንኛውም ነጥብ ሲመዘገብ የመጨረሻው ኪኒና የተወሰደበት ሰዓት አብሮ መጻፍ አለበት።

ይህ ችግር በታላላቅ ጥናቶችም ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ መድኃኒት ገና ያልጀመሩ 361 ሕመምተኞች ለ40 ሳምንታት ሦስት የተለያዩ የሌቮዶፓ መጠኖችን ወይም መድኃኒት የሌለበትን ኪኒና ወሰዱ። ከዚያም ሁሉም ለሁለት ሳምንታት አቋርጠው ተመረመሩ። መድኃኒት ያልነበራቸው በ7.8 ነጥብ ሲብሱ፣ በቀን 600 ሚሊግራም የወሰዱት ከመነሻቸው በ1.4 ነጥብ ተሽለው ተገኙ። ከእነዚሁ ሰዎች ለከፊሉ የተነሣው የአንጎል ምስል ግን ተቃራኒውን አሳየ፤ የዶፓሚን ነርቮች ምልክት ይበልጥ የቀነሰው ሌቮዶፓ በወሰዱት ላይ ነበር። ሁለት መለኪያዎች ስለ አንድ ሕመም ሁለት የማይታረቁ መልሶች ሰጡ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመው የኔዘርላንድስ ጥናት ጉዳዩን በሌላ መንገድ መረመረ። ከ445 ሕመምተኞች እኩሌታው ሌቮዶፓን ወዲያው፣ ሌላው እኩሌታ ከ40 ሳምንታት በኋላ ጀመረ። በ80ኛው ሳምንት በሁለቱ ወገኖች መካከል የጎላ ልዩነት አልተገኘም። በጥናቱ በተሰጠው መጠን መድኃኒቱ ምልክቱን ያቃልላል እንጂ የሕመሙን አካሄድ ሲያዘገይም ሆነ ሲያፋጥን አልታየም። «አሁን ከጀመርኩት ኋላ አይሠራልኝም» በማለት በችግር ውስጥ የሚቆዩ ሕመምተኞች ይህን ሊያውቁት ይገባል።

የላቦራቶሪ ምርመራ የት ደረሰ?

እ.ኤ.አ. በ2023 ከ1,100 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ በሕመሙ ጊዜ ቅርጹን ለውጦ የሚከማቸውን አልፋ ሲኑክሊን የተባለ ፕሮቲን ከአከርካሪ ፈሳሽ በመፈለግ ብዙዎቹን ሕመምተኞች ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል አሳይቷል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ምርመራው ፕሮቲኑ መኖሩን ይናገራል እንጂ ሕመሙ ምን ያህል እንደገሰገሰ አይናገርም። ለመባባሱ ዋናው ማስረጃ አሁንም በጥንቃቄ የተሠራ ክሊኒካዊ ምርመራ ነው።

ተዛማጅ መታወኮች

የመባባስ ፍጥነት ራሱ ሕመሙን ለመለየት ይረዳል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደጋግሞ የሚወድቅና ዐይኑን ወደ ታች ማውረድ የሚቸግረው ሰው፣ ፓርኪንሰን ሳይሆን ተራማጅ ሱፕራኑክሌር ፖልዚ የተባለው ሕመም ሊኖርበት ይችላል። ለዚህ ሕመም እ.ኤ.አ. በ2007 የቀረበው መለኪያ 28 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን ከ100 ነጥብ ይታሰባል፤ ሕመምተኞች በአማካይ በዓመት 11 ነጥብ ያህል ይጨምራሉ። እጅን ሲኒ ሲያነሡ ወይም ሲጽፉ የሚያንቀጠቅጠው ሌላ ሕመም ደግሞ ብዙውን ጊዜ በዝግታ የሚሄድ ነው። እርሱን ለመከታተል በየጊዜው በወረቀት ላይ ጥምዝምዝ መስመር ማሣል ይጠቅማል። ክሎርፕሮማዚን፣ ሃሎፔሪዶልና ሜቶክሎፕራሚድ የመሳሰሉ መድኃኒቶችም ፓርኪንሰንን የሚመስል ሁኔታ ያስከትላሉ። ይህኛው መድኃኒቱ በሐኪም ውሳኔ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይሻላል፤ በመሆኑም እዚህ ላይ መለካት ያለበት መሻሉ ነው።

በአገራችን ሁኔታ

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በመስቃንና ማረቆ ከ60,000 በላይ በሆነ ሕዝብ ላይ በተደረገ የማኅበረሰብ ጥናት፣ ፓርኪንሰን ከ100,000 ሰዎች በ7ቱ ላይ ተገኝቶ ነበር። ሕመሙ ከዕድሜ ጋር የሚጨምር በመሆኑ፣ አረጋውያን በበዙ ቁጥር በየጤና ተቋሙ መታየቱ አይቀርም። ከላይ የተገለጹት የእጅ፣ የመነሣት፣ የመራመድና የሚዛን ፈተናዎች ከወንበርና ከሰዓት በቀር ሌላ መሣሪያ አይሹም። ስለሆነም በማንኛውም ጤና ጣቢያ የሠለጠነ ባለሙያ ሊሠራቸው ይችላል።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። ከቀጠሮ በፊት ለሁለት ወይም ለሦስት ቀናት በየግማሽ ሰዓቱ «ቀሏቸዋል»፣ «ተይዘዋል»፣ «ይወራጫሉ»፣ «ተኝተዋል» እያሉ መመዝገብ፣ ኪኒና የተወሰደበትንና ምግብ የተበላበትንም ሰዓት መጻፍ ሐኪሙን እጅግ ይረዳዋል። በወር አንድ ጊዜ፣ ከኪኒና በኋላ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሕመምተኛው ስሙን ከነአባቱ ቢጽፍና ወረቀቶቹ ቢቀመጡ ፊደሉ እያነሰ መሄድ አለመሄዱን ያሳያሉ። ከወንበር ተነሥቶ ሦስት ሜትር ተራምዶ ተመልሶ እስኪቀመጥ የፈጀውን ሰኮንድ መቁጠርም እንደዚሁ ነው። መውደቅ ካጋጠመ ቀኑና ሁኔታው ይጻፍ።

በጾም ወራት የምግቡና የኪኒናው ሰዓት ስለሚለዋወጥ የሚታየው ለውጥ ከሕመሙ ላይሆን ይችላል፤ ይህም ለሐኪሙ ይነገር። በጾምም ሆነ በጠበል ምክንያት ሌቮዶፓን በድንገት ማቋረጥ ግን ከባድ ትኩሳትና የጡንቻ መገተር አስከትሎ ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ ላይ ይጥላል። ሰዓቱን ማስተካከል የሚያስፈልግ ከሆነ አስቀድሞ ከሐኪም ጋር መመካከር ይገባል።

በአጭሩ፣ በፓርኪንሰን ሕመም አንድ ነጥብ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ትርጉም የሚኖረው ሰዓቱ ተጽፎ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ተደጋግሞ ተለክቶ ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር ነው። በምሳሌያችን የተጠቀሱት አባት በሁለተኛው ቀጠሯቸው «ኪኒናዎን የወሰዱት ስንት ሰዓት ነው?» ተብለው ቢጠየቁ ኖሮ፣ የሕመማቸው መባባስ ከመድኃኒታቸው ማለቅ በዚያው ሰዓት ይለይ ነበር።