ከግፍ ቤት ለወጡ ሴቶችና ልጆች መጠጊያ ስለ መሆን

ቤት ለሰው የተሰጠው ከብርድና ከፀሐይ፥ ከአውሬና ከጠላት እንዲጠለልበት ነው። ስለዚህ በሜዳ የተመታ ሰው ወደ ቤቱ ይሸሻል፤ በመንገድ የደነገጠ ልጅም የእናቱን ደጃፍ ባየ ጊዜ ልቡ ይረጋጋል። ነገር ግን የሚመታት ሰው በገዛ ቤቷ ውስጥ ያለባት ሴት ወዴት ትሸሻለች? እናቱ ስትደበደብ የሚያይ ሕፃንስ በየትኛው ደጃፍ ይጽናናል?

ይህ መከራ በሀብታምም በድኻም፥ በተማረም ባልተማረም ሰው ቤት ይገኛል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓመት በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ባል ካገቡ ሴቶች መካከል ከመቶው 34ቱ በባላቸው እጅ በአካል፥ በመኝታ ወይም በመንፈስ ግፍ እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። በአካላቸው ወይም በመኝታ ግፍ ከደረሰባቸው ሴቶችም ርዳታ የፈለጉት ከአራቱ አንዷ ያህል ብቻ ነበሩ።

የሌሎቹ ዝምታ ምክንያቱ ብዙ ነው። የመጀመሪያው ኀፍረት ነው፤ የቤት ገመና ወደ ውጭ አይወጣም እየተባለች ያደገች ሴት ቍስሏን በነጠላዋ ሸፍና ውሃ ትቀዳለች፤ ጐረቤት ቢጠይቃትም ወድቄ ነው ትላለች። ሁለተኛው ድኽነት ነው፤ እህሉ በባሏ ጐተራ፥ ገንዘቡም በባሏ ኪስ ስለ ሆነ፥ ብወጣ ልጆቼን ምን አበላለሁ ብላ ትቀራለች። ሦስተኛው የሰው ፍርድ ነው፤ ሴትን ከአህያ ጋራ ቈጥሮ ዱላ ትወዳለች የሚል ክፉ ተረት ገና ከሰው አፍ አልጠፋም። ይህን ተረት ሰምቶ የሚስቅ ሰው፥ እርሱ ራሱ በትር ባያነሣም፥ ለሚያነሣው ሰው እጁን ያበረታለታል።

የቀድሞ ሰዎችም ቢሆኑ እንዲህ ያለውን ግፍ ሁሉም ዝም ብለው አላዩትም። በኦሮሞ ሕዝብ ልማድ፥ ይልቁንም በአርሲና በጉጂ አገር ጸንቶ በኖረው፥ ሙሽራይቱ ከእናቷ ሲንቄ የምትባል ቀጭን በትር ተቀብላ ወደ ባሏ ቤት ትሄዳለች። ይህች በትር መምቻ አይደለችም፤ የሴቲቱ የመብቷና የክብሯ ምልክት ናት። ባል ሚስቱን፥ ይልቁንም አራስ ሚስቱን፥ ቢደበድብ ሴቲቱ ሲንቄዋን ይዛ ትጮኻለች። ጩኸቷን የሰሙ ሴቶችም ሥራቸውን ትተው፥ ሲንቄያቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ፤ ሰውየው ጥፋቱን አምኖ እስኪክስ ድረስም ነገሩን አይተዉም። ከዚህ ልማድ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው፤ አንዲት ሴት በቤቷ ብትመታ ነገሩ የእርሷ ገመና ብቻ ሳይሆን የጐረቤቶቿ ሁሉ ጉዳይ ነው።

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፥ በደምቢ ዶሎም ሆነ በሻምቡ፥ የባልና የሚስት ነገር በተነሣ ጊዜ ሽማግሎች ይጠራሉ። ሽምግልና መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ጠብና ግፍ አንድ እንዳልሆኑ ሽማግሌው ማወቅ ይገባዋል። ጠብ ማለት ሁለት ሰዎች በነገር ሳይስማሙ ቀርተው ሁለቱም ሲናገሩ ነው፤ ግፍ ማለት ግን አንዱ ሲመታ ሌላው ሲፈራ ነው። ለጠብ ዕርቅ መድኀኒቱ ነው። ለግፍ ግን ዕርቅ ብቻውን መድኀኒት አይሆንም፤ ሽማግሎች መርቀው ወደየቤታቸው በሄዱ ማታ፥ መቺውና የምትመታው ሴት በአንድ ጣራ ሥር ብቻቸውን ይቀራሉና። ስለዚህ አስተዋይ ሽማግሌ፥ ስለ ልጆችሽ ብለሽ ተመለሽ ከማለቱ በፊት፥ ብትመለስ በደኅና ታድር እንደ ሆነ አስቀድሞ ይመረምራል። ሴቲቱንም ባሏ በሌለበት ለብቻዋ ይጠይቃታል፤ በሚያስፈራት ሰው ፊት የምትሰጠው ቃል የልቧ ቃል አይደለምና።

የአገሪቱም ሕግ በዚህ ነገር እየተሻሻለ መጥቷል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አለቃ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት በቤታቸው አስተዳደር እኩል መሆናቸውን ደነገገ፤ የኦሮሚያ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። ባልና ሚስት በትዳር ሳሉ ያፈሩት የጋራ ሀብት ሲለያዩ እኩል ይካፈሉታል እንጂ፥ ሴቲቱ ባዶ እጇን እንድትወጣ ሕጉ አይፈቅድም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በ564ኛው አንቀጽ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን የኀይል ሥራ በስሙ ጠርቶ ወንጀል አደረገው። እንግዲህ ሚስቴ ናት ብሎ የሚመታ ሰው በሕግ ፊት የሚያድነው ምክንያት የለውም።

ይሁን እንጂ ሕግ ሴቲቱን ከዱላ ቢያስጥላት፥ በማግሥቱ ለልጆቿ እንጀራ አይጋግርላትም። ብዙ ሰዎች ከግፍ ቤት መውጣቷን ባዩ ጊዜ፥ እንግዲህ ዳነች ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። በወንጌል የተነገረለት ደግ ሳምራዊ ግን እንዲህ አላደረገም። የተመታውን ሰው ቍስሉን ካሰረለት በኋላ በመንገድ ዳር አልጣለውም፤ ወደ ማደሪያ ወስዶ አስታመመው፤ ሲሄድም ለማደሪያው ጠባቂ ገንዘብ ሰጠ፤ የሚጐድለውንም በተመለሰ ጊዜ ሊከፍል ቃል ገባ። የምሕረት ሥራ ቍስል በማሰር እንደማያልቅ፥ የተጐዳው ሰው በእግሩ እስኪቆም ድረስ እንደሚዘልቅ ከዚህ ይታወቃል።

ለዚህ ነገር የነቀምቴ ከተማ የራሷ ምስክር አላት። አስቴር ጋኖ በልጅነቷ በባርነት የተወሰደች የኦሮሞ ልጅ ነበረች። ግፍ የደረሰባት በባል እጅ ሳይሆን በባርነት ቤት ነው፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የተደረገላት ርዳታ ለሁሉም ምሳሌ ይሆናል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1886 ዓመት፥ ልትሸጥ ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ፥ የኢጣልያ መርከብ ደርሶ ነጻ አወጣት። ነጻ ያወጧት ሰዎች በባሕሩ ጠረፍ ትተዋት ቢሄዱ ኖሮ፥ ነጻነቷ ለረኃብና ለሌላ ባሪያ ፈንጋይ በዳረጋት ነበር። ነገር ግን በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ወደ ነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተወሰደች፤ በዚያም ማደሪያ፥ ፊደልና የሚያስከብር ሥራ አገኘች። ቋንቋዋን አጥርታ ታውቅ ስለ ነበረ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋራ የኦሮምኛ ቃላትን ሰበሰበች፤ በ1894 የታተመውን የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ከእርሱ ጋራ አዘጋጀች፤ በ1899 ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጕምም ደከመች። በ1904 ኦነሲሞስና ጓደኞቹ ወደ ነቀምቴ በደረሱ ጊዜ እርሷም መጥታ የአገሩን ልጆች አስተማረች። መጠጊያ ያገኘችው ልጅ ለሌሎች ልጆች መጠጊያ ሆነች።

ከግፍ ቤት ለወጣች ሴትና ለልጆቿም የሚያስፈልገው ርዳታ በአራት ይከፈላል።

መጀመሪያው ደኅና ማደሪያ ነው። ማደሪያው የት እንደ ሆነ ለብዙ ሰው ሊነገር አይገባም፤ ሴቲቱ ጥላው በወጣች ጊዜ የባልየው ቍጣ ይብሳልና። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ዓመት ሕግ ዐዋቂዋ ማሪያ ሙኒር በአዲስ አበባ የመሠረተችው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር እንዲህ ያለውን ቤት ከፍቶ፥ ለሴቶችና ለልጆቻቸው ምግብ፥ ልብስ፥ ሕክምና፥ ምክርና የሕግ ርዳታ ሰጠ፤ ኋላም በአዳማና በሌሎችም ከተሞች ማረፊያ አቋቋመ።

ሁለተኛው ሕክምና ነው። የተደበደበች ሴት ሳትውል ሳታድር ወደ ሆስፒታል ብትሄድ ቍስሏ ይታከማል፤ ሐኪሙ የሚጽፈውም ወረቀት በፍርድ ቤት ይመሰክርላታል። የተደፈረች እንደ ሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረሰች የኤች አይ ቪን በሽታ የሚከላከል መድኀኒት ይሰጣታል። የማይታየው ቍስል ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ሌሊት መባነንና ድምፅ ሲሰማ መደንገጥ በአንድ ሳምንት አይለቅም። ስለዚህ አስታማሚዋ ቶሎ እርሺው ማለትን ትታ፥ ስትናገር በትዕግሥት መስማት ይገባታል።

ሦስተኛው ለልጆች የሚደረገው ጥንቃቄ ነው። ዱላ እያየ ያደገ ልጅ አንዳንዱ ዝም ይላል፥ አንዳንዱም ጓደኞቹን ይመታል፤ የሁለቱም ምክንያት ፍርሃት ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ከሌላ ከተማ በመጣ ጊዜ መምህሩ የመሸኛ ወረቀት የለህም ብሎ ከደጅ ሳይመልሰው በክፍል ያስቀምጠው፤ በሌሎች ፊትም ስለ ቤቱ አይጠይቀው፤ በጥፋቱም በትር አያንሣበት። በየቀኑ በአንድ ሰዓት የሚጀመር ትምህርትና ድምፁን የማያነሣ መምህር ለዚህ ልጅ መድኀኒት ናቸው።

አራተኛው ሥራ ነው። በጉሊት ሽንኩርትና ቅመም ለመሸጥ፥ እንጀራ ጋግሮ ለማቅረብ ወይም በስፌት መኪና ለመሥራት የሚያስፈልገው መነሻ ገንዘብ ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ምንም ለሌላት ሴት ትልቅ ተራራ ነው። ዕድሩ ሳይጠየቅ ቢቀበላት፥ ዕቁቡም የመጀመሪያውን ዕጣ ቢለቅላት ያን ተራራ ትሻገራለች። በራሷ እጅ የምታድር ሴት ስለ እንጀራ ብላ ወደ ዱላ አትመለስም።

ይህ ርዳታ በወለጋ ከምን ጊዜውም ይልቅ አስፈልጓል። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በካማሺ ዞን በተነሣው ሁከት ብዙ ሺህ ሰዎች ተፈናቅለው ወደ ነቀምቴና ወደ ሌሎች የወለጋ ከተሞች መጡ፤ ከዚያ ወዲህም ጦርነት በወለጋ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው አፈናቅሏል። ከቀዬዋ የተፈናቀለች ሴት ቤቷን ብቻ አላጣችም፤ ጩኸቷን ሰምተው ይደርሱላት የነበሩትን ወላጆቿንና ጐረቤቶቿንም አጥታለች። በመጠለያ ውስጥ በባሏ ብትመታ የሚገላግላት ዘመድ ስለሌላት፥ የከተማው ሰው ዘመድ ሊሆናት ይገባል።

እንግዲህ የጐረቤቱን ጩኸት የሰማ ሰው፥ የባልና የሚስት ነገር ነው ብሎ በሩን አይዝጋ፤ ሌሎችን ጠርቶ ይድረስላት፥ ለፖሊስም ያስታውቅ። ሽማግሌው ከማስታረቁ በፊት ደኅንነቷን ይመልከት። ትምህርት ቤት ያለ ወንድ ልጅም ዛሬ እኅቱንና የክፍል ጓደኛውን እንዴት እንደሚናገራቸው ራሱን ይመርምር፤ የነገው ባል እርሱ ነውና። ከግፍ የወጣችውን ሴት የተቀበለ ሰው ደግሞ ዛሬ አብልቶ ነገ አይሰልች። ተመልሶ ሊጠይቃት ቃል ከገባ ይመለስ፤ ለተከዳ ልብ ከሁሉ የሚበልጠው መድኀኒት ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ማግኘት ነው።