መኪና በብርድና በዝናብ ለምን አልነሳም ይላል?

ጊዜው ክረምት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሆኗል። በሐዋሳ መናኸሪያ ብዙ ሰው ተሰብስቧል። አንዱ ወደ ይርጋለም፣ አንዱ ወደ አለታ ወንዶ፣ ሌላው ወደ ሻሸመኔ ይሄዳል። ቅቤና ዕንቁላል ለገበያ የያዘ አለ። በሽተኛ ይዞ የሚሄድም አለ። ሹፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ግን መኪናው አልነሳም ይላል። ሹፌሩ ደጋግሞ ይሞክራል። አንዱ ተሳፋሪ «ወርደን እንግፋ እንጂ» ይላል። ሌላው «ባትሪው ሞቷል፤ አዲስ ይገዛ» ይላል።

መኪና ያለ ምክንያት አልነሳም አይልም። ምክንያቱን ሳያውቁ ቁልፍ ማዞር ባትሪ ይጨርሳል። ምክንያቱን ሳያውቁ ዕቃ መግዛት ገንዘብ ይጨርሳል። ምክንያቱን ሳያውቁ መግፋት ደግሞ ሰው ይጎዳል። ይህ የሹፌር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የወፍጮ ሞተር ወይም የውሃ መሳቢያ ሞተር ያለው ገበሬም ይኸው ችግር ይደርስበታል።

ሞተር እንደ ምድጃ ነው

እሳት ለማንደድ ማገዶ፣ አየርና ፍም ያስፈልጋሉ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ እሳቱ አይያያዝም። ሞተርም እንዲሁ ነው። ማገዶው ቤንዚን ወይም ናፍታ ነው። አየሩ ከውጭ ይሳባል። እሳቱን የሚለኩሰው ግን እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል።

በቤንዚን ሞተር ውስጥ እሳቱን የሚለኩሰው ካንዴላ ነው። ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ብልጭ ይላል፤ ቤንዚኑም ይቀጣጠላል።

የናፍታ ሞተር ይህን ብልጭታ አይፈልግም። አየሩን በኃይል ይጨምቀዋል። የተጨመቀ አየር ይግላል። የብስክሌት ጎማ ስንነፋ ፖምፓው የሚሞቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ናፍታው በጋለው አየር ላይ ሲረጭ ራሱ ይቀጣጠላል። አብዛኞቹ አውቶቡሶችና የጭነት መኪናዎች የሚሠሩት በናፍታ ነው።

ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ ግን የሚያሽከረክረው ጉልበት ይፈልጋል። ይህን የሚሠራው ሞተሪኖ ነው። ሞተሪኖው ጉልበቱን ከባትሪ ያገኛል።

ብርድ ምን ያደርጋል?

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ብርዷ እንደ ደጋ አይከፋም። ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነው በሐገረ ሰላም ያደረ መኪና ግን ብርዱ ይይዘዋል። ብርድ ሦስት ነገር ያደርጋል።

አንደኛ፣ የሞተሩን ዘይት ያወፍረዋል። ቅቤ በብርድ እንደሚረጋ ሁሉ ዘይትም ይወፍራል። ሞተሩን ማዞር ይከብዳል።

ሁለተኛ፣ ባትሪውን ያደክመዋል። በባትሪ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚገኘው እርሳስ ከአሲድ ጋር ሲሠራ ነው። ብርድ ይህን ሥራ ያዘገየዋል። ስለዚህ ሞተሩ በከበደበት ሰዓት ባትሪው ደካማ ሆኖ ይገኛል። ነገሩ መሬቱ ጭቃ በሆነበት ቀን የተራበ በሬ እንደ መጥመድ ነው።

ሦስተኛ፣ በናፍታ ሞተር ውስጥ የቀዘቀዘው ብረት የተጨመቀውን አየር ሙቀት ይወስድበታል። በዚህ ምክንያት ብዙ የናፍታ ሞተሮች ማሞቂያ አላቸው። ሹፌሩ ቁልፉን በከፊል ያዞርና የማሞቂያዋ መብራት እስክትጠፋ ይጠብቃል። ሳይጠብቅ የቸኮለ ሹፌር ብዙ ጊዜ ያጠፋል።

እርጥበት ምን ያደርጋል?

በቤንዚን ሞተር ወደ ካንዴላ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ከ10,000 ቮልት ይበልጣል። ሽቦው ከተሰነጠቀና ውሃ ከገባበት ኤሌክትሪኩ ካንዴላው ጋ ሳይደርስ ወደ ሞተሩ ብረት ያመልጣል። ታዲያ ብልጭታ ከየት ይመጣል? መፍትሔው ቁልፉን ዘግቶ ሽቦዎቹን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው። የተሰነጠቀ ሽቦ ግን መለወጥ አለበት።

የባትሪው ሽቦ የሚታሰርበት ቦታም ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ያወጣል። ይህ ቆሻሻ ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ ያግዳል። ስለዚህ ደህናው ባትሪ እንደ ሞተ ይቆጠራል። ማሰሪያውን ፈትቶ፣ ጠርጎ፣ አጥብቆ ማሰር ይበቃዋል። ሲፈታ የመቀነስ ምልክት (−) ያለበት ይቅደም፤ ሲታሰር እርሱው መጨረሻ ይሁን።

ውሃ ነዳጅ ውስጥም ይገባል። ክፍተት ያለው የነዳጅ ታንክ በሌሊት ብርድ፣ እንደ ድስት ክዳን፣ ከውስጥ ያልበዋል። ውሃው ከናፍታ ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። ሞተሩ ሲስብ በናፍታ ፈንታ ውሃ ያገኛል። ስለዚህ ታንኩን ማታ መሙላት ይበጃል። በናፍታ ማጣሪያው ሥር ማፍሰሻ ካለ፣ ውሃውን በዚያ ማውጣት ይቻላል።

ድምፁን እንስማ

ባለሙያ ከመጠራቱ በፊት ጆሮ ብዙ ይሠራል።

1. ሞተሩ ዝም ካለ ወይም «ጠቅ» ብቻ ካለ፦ የፊት መብራቱ ይብራ። መብራቱ ደብዛዛ ከሆነ ባትሪው ደክሟል፤ ወይም ማሰሪያው ላልቷል። መብራቱ ደማቅ ከሆነ ሞተሪኖውና ሽቦው ይታዩ።

2. ሞተሩ እየከበደው በዝግታ ከዞረ፦ አሁንም መጀመሪያ ባትሪው ይታይ። ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሥራ ላይ ሳይሆን ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12 ቮልት ካሳየ ሊያልቅ ተቃርቧል። ብዙ ትልልቅ አውቶቡሶች በሁለት ባትሪ ይሠራሉ። አንዱ ከደከመ ሌላውንም ያደክመዋል።

3. ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልተነሳ፦ ባትሪው ጥፋት የለበትም። የጎደለው ነዳጅ ወይም ብልጭታ ነው። በናፍታ ሞተር ደግሞ ማሞቂያውም ይታይ። እዚህ ላይ አዲስ ባትሪ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

በማንኛውም ጊዜ ቁልፉን ከ10 ሰከንድ በላይ ይዞ ማዞር አይገባም። አንድ ደቂቃ ያህል አሳርፎ እንደገና መሞከር ይሻላል። አለዚያ ሞተሪኖው ይቃጠላል።

እንጠንቀቅ

ናፍታውን ላሙቅ ብሎ ከታንክ ሥር እሳት ማንደድ ሰውንም መኪናውንም ያቃጥላል። ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳልና በአጠገቡ ክብሪት መጫር ክልክል ነው። የባትሪ አሲድ ገላ ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ።

በመናኸሪያ ውስጥ መኪና መግፋት አደገኛ ነው። ሰው ይበዛል፤ መሬቱም ያዳልጣል። ሞተሩ ሳይነሳ ፍሬኑና መሪው ይከብዳሉ። መኪናው ድንገት ሲነሳ የገፋው ሰው ይወድቃል። ሹፌሩ «ግፉ» ቢል እንኳ ተሳፋሪው «መጀመሪያ ባትሪውና ማሰሪያው ታይቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና ደግሞ በግፊት አይነሳም።

የወፍጮ ወይም የውሃ መሳቢያ ሞተር በተዘጋ ቤት ውስጥ አይነሳ። ጭሱ ሳይታወቅ ይገድላል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። መካኒክ ሲጠራ «አልነሳ አለኝ» ብቻ ማለት አይበቃም። «ዝም አለ»፣ «በዝግታ ዞረ»፣ «በደንብ ዞሮ አልተነሳም» ብሎ መንገር ያስፈልጋል። መካኒኩ ቶሎ ያገኘዋል። ያልተበላሸ ዕቃም አይለወጥም።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. ለእሳትም ለሞተርም የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ምንድን ናቸው?
2. ውሃ በነዳጅ ታንክ ውስጥ ከታች የሚተኛው ለምንድን ነው?
3. ሞተሩ በደንብ እየዞረ ካልተነሳ ባትሪ መግዛት ለምን አይጠቅምም?
4. በአካባቢያችሁ ያለው የወፍጮ ሞተር በክረምት አልነሳም ሲል ምን ይደረጋል? ከዚህ ትምህርት ጋር አነጻጽራችሁ ተወያዩ።