ጥፋቱ የአይሲው ነው ወይስ የእጃችን?

የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በገዛ እጁ ሠርቶ ማየት የሚወድ ወጣት የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በእጅ የተበየደ ሥራ አንድ የታወቀ ጠላት አለው፤ እርሱም በተለምዶ ‹‹ሾርት›› የምንለው ነው። ይኸውም መገናኘት የማይገባቸው ሁለት መሥመሮች ሲነካኩ ኤሌክትሪኩ የታሰበለትን መንገድ ትቶ በአቋራጭ የሚሄድበት ሁኔታ ነው። ስለዚህ ጠላት በትምህርት ቤት ብዙ ሰምተናል፤ በሚገባ ያወቅነው ግን ሰው ከበደልን በኋላ ስለ ሆነ፣ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን ለመንገር ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ከአንድ ባልንጀራችን ጋር ሆነን፣ ለሠፈራችን ልጆች የጥናት ክፍል የሚሆን አነስተኛ የድምፅ ማጉያ ለመሥራት ተነሣን። የመረጥነውም ኤልኤም 386 የሚባለውን አይሲ ነው። ይህ አይሲ ስምንት እግሮች ያሉት አናሎግ አምፕሊፋየር ሲሆን፣ አራት ባትሪ ድንጋዮች በሚሰጡት 6 ቮልት ይሠራል። ከውጭ ሌላ ነገር ሳይጨመርለት የገባውን ቮልቴጅ 20 ጊዜ ያጎላል፤ በ1ኛውና በ8ኛው እግር መካከል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ቢገባለት ደግሞ እስከ 200 ጊዜ ያደርሰዋል። 4ኛው እግር የባትሪው ኔጌቲቭ፣ 6ኛው ፖዘቲቩ የሚገባበት ነው፤ 5ኛው ድምፁ በካፓሲተር አልፎ ወደ ስፒከሩ የሚወጣበት ነው። በአንዱ እግርና በጎረቤቱ መካከል ያለው ርቀት 2.54 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ሥራውን ማታ ጨርሰን ባትሪውን ብናገናኝ ስፒከሩ ዝም አለ፤ አይሲው ግን ጣት እስኪያቃጥል ጋለ። ፈጥነን ባትሪውን ነቀልንና አይሲውን ከሶኬቱ አውጥተን፣ በፖዘቲቩና በኔጌቲቩ መሥመር መካከል በመልቲሜትር ለካን። ሾርት አልነበረም። ‹‹እንግዲያስ ጥፋቱ የአይሲው ነው›› ብለን ፈረድን። በማግስቱም ወደ ባለሱቁ ሄደን፣ ገበያተኛ በተሰበሰበበት፣ ‹‹ጋሼ፣ የተበላሸ ዕቃ ሸጡልን!›› አልናቸው። ሽማግሌው አንድም ቃል ሳይመልሱ የመጀመሪያውን ተቀብለው ሌላ ሰጡን። ቤት ወስደን ብናስገባው እርሱም በጥቂት ሰከንድ እንደ ፊተኛው ጋለ። አሁን የምንወቅሰው ሰው አልተገኘም፤ ሰሌዳውን ይዘን አፍረን ተመለስን።

ሽማግሌው ሰሌዳውን ገልብጠው አዩና፣ ‹‹ልጆቼ፣ ዳርና ዳሩን ለክታችኋል። ጎረቤትና ጎረቤቱንስ ለካችሁ ወይ?›› አሉን። ከዚያም የመልቲሜትሩን ጫፎች ከ1ኛው እግር ጀምረው ጎረቤት ከጎረቤቱ እያነካኩ ሄዱ። 5ኛውና 6ኛው ላይ ሲደርሱ መልቲሜትሩ ጮኸ፤ ቁጥሩም ከአንድ ኦም በታች ነበር። በአጉሊ መነጽር ብናይ፣ ከፀጉር እምብዛም የማይወፍር የብየዳ ክር ሁለቱን እግሮች አያይዟል።

ምስጢሩ ያን ጊዜ ተገለጠልን። አይሲው በሌለበት ጊዜ ያ ክር ፖዘቲቩን ከኔጌቲቩ ጋር አያገናኝም፤ በስፒከሩ በኩል ያለውን መንገድም ካፓሲተሩ ይዘጋዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ልካችን ሐሰት አልነበረም፤ ጥያቄው ግን ጎዶሎ ነበር። አይሲው ሲገባ ግን 5ኛውን እግር በባትሪው እኩሌታ፣ ማለት በ3 ቮልት ላይ ለማቆም ይጥራል፤ ክሩ ደግሞ ወደ 6 ቮልት ይጎትተዋል። በዚህ ትግል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው ሙቀት የሆነው። ክሩ ተነሥቶ ያ ‹‹የተበላሸ›› ያልነው የመጀመሪያው አይሲ ቢገባ፣ 5ኛው እግር ላይ ወደ 3 ቮልት ተነበበ፤ ስፒከሩም ድምፅ ሰጠ። ያን ክር የጣለው እጅ የማን ነበር? ብየዳውን የሠራነው እኛ ነን።

ከዚህ የተማርነውን በአጭሩ እንናገር። ሾርት ሲጠረጠር አስቀድሞ ባትሪውን መንቀል፣ ቀጥሎ አይሲውን ከሶኬቱ ማውጣትና ሰሌዳውን በጥሩ ብርሃን መመልከት ይገባል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን እግር ከጎረቤቱ ጋር መለካት ነው። ሆኖም የመልቲሜትሩ ጩኸት ሁሉ ሾርት ማለት አይደለም፤ የ8 ኦም ስፒከር ጥቅልልም ያስጮኸዋል፤ ካፓሲተርም እስኪሞላ ድረስ ለአፍታ ሾርት ይመስላል። ስለዚህ ቁጥሩን አንብቦ ጥቂት መታገሥ ያስፈልጋል። የተትረፈረፈውን ብየዳ የተጎነጎነ የመዳብ ሽቦ አስቀምጦ ከላይ በማጋል መምጠጥ ይቻላል።

ባትሪው እንደገና ሲገናኝ ደግሞ ለጊዜው 100 ኦም፣ ግማሽ ዋት የሚችል ሬዚስተር በመካከል ይግባ። ጤነኛው አይሲ ድምፅ በሌለበት ጊዜ የሚወስደው 4 ሚሊ አምፔር ያህል ስለ ሆነ፣ ሬዚስተሩ ላይ የሚነበበው 0.4 ቮልት ገደማ ነው። ብዙ ቮልት ከተነበበ ሾርቱ ገና አለ ማለት ነው፤ ቢሆንም ከ60 ሚሊ አምፔር በላይ ሊያልፍ ስለማይችል አይሲው ይተርፋል።

ይህን ስንል የእጅ ሥራን ለማናናቅ አይደለም። ጃክ ኪልቢ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ያሳየው የመጀመሪያው አይሲ ራሱ በጀርማኒየም ላይ የተሠራና ክፍሎቹ በቀጫጭን የወርቅ ሽቦዎች የተያያዙ አናሎግ ሥራ ነበር፤ በ2000 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። እጅ ይሳሳታል፤ ስሕተቱን ፈልጎ የሚያገኝም ያው እጅ ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ነገ በመሥሪያ ቤታችን አንድ ሥራ ቢቆም፣ ሠራተኛውን ከመለወጣችን በፊት በሠራተኛውና በጎረቤቱ መካከል ምን እንዳለ እንጠይቅ፤ የገዛ እጃችንንም ጭምር እንመርምር። እኛስ ሁለተኛውን አይሲ ለባለሱቁ መልሰን፣ በሰው ፊት እንደ ወቀስናቸው በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅን። የፈረድንበት የመጀመሪያው አይሲ ግን ዛሬም በልጆቹ ክፍል ይሠራል።