ስማርት ሰዓት፣ የስኳር ሴንሰር፣ የጣት ኦክስጅን መለኪያ፦ የትኛውን ቁጥር እንመን?

 

አሁን አሁን ብዙ ታካሚዎች ካርዳቸውን ብቻ ሳይሆን ስልካቸውንም ከፍተው ነው ወደ ሐኪም የሚገቡት። "ዶክተር፣ ሰዓቴ የልብ ምትህ የተዛባ ነው አለኝ"፣ "ልጄ ከአሜሪካ የስኳር ሴንሰር ላከችልኝ፣ መድኃኒቱን ላቁም?"፣ "ኦክስጅኔ 92 ነው የሚለው፣ ልሞት ነው እንዴ?" በኢንቦክስ የሚደርሱኝ ጥያቄዎችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ስለዚህ ዛሬ ከስልክ ጋር ስለሚገናኙ የጤና መለኪያዎች በደንብ እናውራ። የትኛው በእርግጥ ይጠቅማል? የትኛውስ ገንዘብ ከመጨረስ አልፎ ሕይወት ላይ አደጋ ያመጣል?

1. የደም ግፊት መለኪያ

ለወላጆቼ አንድ ዕቃ ብቻ ልግዛ ካላችሁኝ መልሴ ክንድ ላይ የሚታሰረው ዲጂታል የግፊት መለኪያ ነው። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ሐኪም ቤት ስትመጡ ብቻ የሚለካ ግፊት ደግሞ በድንጋጤና በድካም ከፍ ሊል ይችላል፣ ወይም በዚያች ቀን ብቻ ደህና ሆኖ ሊያታልለን ይችላል።

እንግሊዝ አገር የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት 1,182 የግፊት ታካሚዎችን በሦስት ቡድን ከፈለ። አንደኛው እንደተለመደው ሐኪም ቤት እየተለካ ታከመ። ሁለተኛው ቤቱ እየለካ ለሐኪሙ አሳወቀ። ሦስተኛው ቤቱ የለካውን በስልክ መልእክት ላከ። ከ1 ዓመት በኋላ የላይኛው ቁጥር በአማካይ በመጀመሪያው ቡድን 140.4፣ በሁለተኛው 137.0፣ በሦስተኛው 136.0 ሆነ።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን በብዙ ሺህ ሰው ሲታሰብ ስትሮክን የሚቀንስ ልዩነት ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ ግፊቱን ያወረደው መሣሪያው አይደለም። ሐኪሞቹ የተላከላቸውን ቁጥር አይተው መድኃኒቱን ስላስተካከሉ ነው። ማንም የማያየው ቁጥር ማንንም አያክምም።

ታዲያ እንዴት እንለካ?
• ከመለካታችሁ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና፣ ሲጋራና ስፖርት ይቅር። ሽንት ካላችሁ ውጡ።
• ወንበር ላይ ጀርባችሁን ደገፍ አድርጋችሁ፣ እግራችሁን ሳታነባብሩ 5 ደቂቃ ቁጭ በሉ።
• ክንዳችሁ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትክክል ይሁን። የሚታሰረው ጨርቅ በልብስ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ይታሰር። ለክንዳችሁ ከጠበበ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል።
• ጠዋትና ማታ፣ በየጊዜው ሁለት ሁለት ጊዜ በ1 ደቂቃ ልዩነት ለኩ። እየለካችሁ አታውሩ።
• የ7 ቀን ጻፉ፣ የመጀመሪያውን ቀን ትታችሁ የቀረውን አማካይ አውጡ። ቤት ውስጥ የተለካ አማካይ 135/85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ያማክሩ።

ከ180/120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መድከም፣ የአፍ መንጋደድ ወይም የዓይን ብዥታ ካለ ግን "ነገ እንየው" የለም። ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል!

እጅ ላይ የሚደረገው ሰዓት ግፊት ይለካል ተብሎ ከተሸጠላችሁም በእሱ ቁጥር መድኃኒት አትጨምሩ፣ አትቀንሱም።

2. የስኳር ሴንሰር

ይሄ ክንድ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ክብ ነገር ነው። ከቆዳ ሥር በምትገባ ቀጭን ሽቦ መሰል ነገር ስኳርን ቀንና ሌሊት እየለካ በብሉቱዝ ለስልክ ይልካል። አብዛኞቹ ከ10 እስከ 15 ቀን ያገለግላሉ፣ ከዚያ ይቀየራሉ።

በተለይ ኢንሱሊን ለሚወጉ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። በጣት ስንለካ የዚያችን ሰከንድ ብቻ ነው የምናየው። ሴንሰሩ ግን ስኳሩ እየወረደ ነው ወይስ እየወጣ የሚለውን በቀስት ያሳያል። ሌሊት ተኝተው ሳለ ስኳር ሲያንስ ይጮኻል። ሌላ አገር ያለ ልጅም በራሱ ስልክ ላይ የእናቱን ስኳር መከታተል ይችላል።

ማወቅ ያለባችሁ ግን ሴንሰሩ የሚለካው ደምን ሳይሆን በሴሎች መካከል ያለውን ፈሳሽ መሆኑን ነው። ስለዚህ ስኳር በፍጥነት ሲለዋወጥ ከደሙ በደቂቃዎች ወደኋላ ይቀራል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት እየተሰማችሁ ስልኩ "ደህና ነህ" ካላችሁ ስሜታችሁን እመኑና በጣት ለኩ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ አጠገባችሁ ከሌለ፣ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይደረግም፤ በፍጥነት ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ውጭ አገር ላላችሁ ልጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማንቂያው ዋሽንግተን ቢጮኽ፣ አዲስ አበባ ስኳሩን በጥብጦ የሚያጠጣው አጠገቧ ያለ ሰው ነው። ስለዚህ ሴንሰሩን ከመላካችሁ በፊት የጎረቤትን ወይም አብሯት የሚያድር ሰው ስልክ ያዙ፣ ምን ማድረግ እንዳለበትም አስተምሩት። ሌሊት የማይነሳ ስልክ ከሆነ ማንቂያው ለጭንቀት ብቻ ነው የሚተርፈው።

ማስጠንቀቂያ፦ "ሳይወጋ ስኳር የሚለካ" ሰዓትና ቀለበት እየተሸጠ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን ማንም እንዳይጠቀም አስጠንቅቋል። በዚያን ጊዜ ቆዳ ሳይበሳ በራሱ ስኳር እንዲለካ የፈቀደው አንድም ሰዓት ወይም ቀለበት አልነበረም። በውሸት ቁጥር ኢንሱሊን መውጋት ሕይወት ያሳጣል።

3. የጣት ኦክስጅን መለኪያ

በኮቪድ ጊዜ ብዙ ቤት ገብቷል። እኛን የሚመለከቱ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የጤናማ ሰው ቁጥርም ባሕር ዳርቻ ካለው ሰው ትንሽ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ደህና ሳላችሁ ለኩና "የእኔ ቁጥር" ብላችሁ ያዙት።

ሁለተኛው የቆዳ ቀለም ነው። መሣሪያው የሚሠራው በብርሃን ስለሆነ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ኦክስጅንን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ መለኪያው ከ92 እስከ 96 ካሳየባቸው ጊዜያት ውስጥ የደም ምርመራ ኦክስጅኑ ከ88 በታች መሆኑን ያሳየው በጥቁር ታካሚዎች 11.7 በመቶ፣ በነጮቹ 3.6 በመቶ ነበር። የጥፍር ቀለም፣ ሂናና የቀዘቀዘ ጣትም ያሳስታሉ። ትንፋሽ እያጠረ ቁጥሩ ጥሩ ነው ብሎ ቤት መቀመጥ የለም።

4. ስማርት ሰዓትና ልብ

አንዳንድ ሰዓቶች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለውን፣ ስትሮክ ሊያመጣ የሚችል የልብ ምት መዛባት ሊጠቁሙ ይችላሉ። ከ419,000 በላይ ሰዎች በተሳተፉበት የአፕል ሰዓት ጥናት ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው 0.52 በመቶ ብቻ ናቸው። ማስጠንቀቂያው ጥቆማ እንጂ ምርመራ አይደለም። ከመጣላችሁ አትደናገጡ፣ ችላም አትበሉ፤ ቅጂውን አስቀምጣችሁ ለሐኪም አሳዩና ኢሲጂ ተነሡ።

ሰዓቱ የልብ ድካምን አይለይም፤ ደም ሥር ተዘግቶ የሚመጣውን ድንገተኛ የልብ ሕመምም አያውቅም። ደረታችሁን አፍኖ የያዘ ሕመም ካለ ሰዓቱ "ኖርማል" ቢልም ሂዱ።

ዕቃ ከመግዛትና ከመላክ በፊት
• አፑ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራል? ከወላጆቻችሁ ስልክ ጋርስ ይስማማል?
• የሚቀየረው ሴንሰር ወይም ወረቀት በየጊዜው ይገኛል? አንድ ጊዜ ልኮ መተው ሕክምና አይሆንም።
• ቁጥሩ በምንድን ነው? እንግሊዝ አገር የተገዛ የስኳር መለኪያ 7 ቢል እኛ ጋ 126 ማለት ነው፤ በ18 ታባዛላችሁ።
• ለሐኪም 200 ስክሪንሾት አታምጡ። ቀን፣ ቁጥርና የተወሰደ መድኃኒት ያለበት አንድ ገጽ ይበቃል።
• የወላጆቻችሁን ውጤት ከነስማቸው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትለጥፉ።

ማንኛውንም መድኃኒት በመሣሪያ ቁጥር ብቻ ተነሥታችሁ አታቁሙ። ቤታችሁ የግፊት መለኪያ ካለ ነገ ጠዋት ከቡና በፊት ጀምሩና በ7ኛው ቀን አማካዩን ይዛችሁ ወደ ሐኪማችሁ ሂዱ።

ውጭ አገር ላሉ ዘመዶቻችሁ ሼር አድርጉላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ጤና ለሁላችን!