ተጨማሪ መረጃ፦ ኤቲሊንና ረጅሙ ሰንሰለት
ሞለኪውሎቻቸው እርስ በርሳቸው ተያይዘው ፖሊመር ከሚሆኑት፣ ሞኖመር ከተባሉት ውህዶች መካከል በአወቃቀሩ እጅግ ቀላል ከሆኑት አንዱ ኤቲሊን ነው፤ ይህ ቀለም የሌለው ጋዝ በሁለት ካርቦንና በአራት ሃይድሮጅን አተሞች የቆመ ሲሆን፣ ካርቦኖቹን ከሚያጸናው ድርብ ትስስር አንዱ በተፈታ ጊዜ እያንዳንዱ ካርቦን ባልንጀራውን የሚይዝበት ነጻ እጅ ያገኛልና፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሞለኪውሎች በአንድ ሰንሰለት ይሰለፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1933 በእንግሊዝ አገር በዊኒንግተን፣ ኬሚስቶቹ ሬጂናልድ ጊብሰንና ኤሪክ ፎሴት ኤቲሊንን ቤንዛልዴሃይድ ከተባለ ውህድ ጋር በብርቱ ግፊት ለማዋሐድ ሲደክሙ፣ ያላሰቡት ነጭ ሰም መሰል ጠጣር በመሣሪያው ውስጥ ተገኘ፤ እርሱም ፖሊኤቲሊን ነበር። አስቀድሞ በ1920 ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ስታውዲንገር እንዲህ ያለ ረጅም ሞለኪውል በእውነት እንዳለ ባስተማረ ጊዜ ብዙ ሊቃውንት ተቃውመውት ነበር፤ የኖቤልን ሽልማት የተቀበለው በ1953 ነውና፣ ጽናቱ እጅግ የሚደነቅ ነው።